ያልተከተበች ልጅ ጣት

በዚያ ዘመን መሃል ከተማ ያለውን የአባቴን የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ጥሎኝ፣ «እስክታገቢ ደብተር ሽጪ» ተብዬ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጫለሁ። ዕድሜዬ ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ከመሸጡ ይልቅ ሰው ማየቱ ይጥመኝ ነበር፤ ማን ለማመልከቻ ወረቀት እንደሚገዛ፣ ማን ለፍቅር ደብዳቤ ፖስታ እንደሚመርጥ ገና ከበር ሲገባ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ሰዎች ብልጥ ይሉኛል፤ እኔም አላስተባብልም። አሁን የምጽፈው ጣጣ የመጣው ከዚያው ብልጠቴ ነው።

የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው አንዲት የዘመቻ ሠራተኛ ጋዋኗን እንደለበሰች ሱቁ ገባች። «የያዝነው ማርከር ደርቆብናል። ልጆቹ ሲከተቡ ጣታቸው ላይ ምልክት የምናደርግበት፣ የማይለቅ አለሽ?» አለችኝ። ሦስት ዓይነት አወጣሁላት። አንድ በአንድ በራሷ ጥፍር ላይ ሞከረች፣ በምራቋ አሸት አሸት አደረገች፣ ሦስተኛውን መረጠች። «ይኼ በሳሙናም አይለቅ። የግራ እጅ ትንሿ ጣት፣ ከጥፍሩ ጀምሮ እስከ ሥጋው» አለች፤ እኔ ምንም አልጠየቅኳትም፣ ደክሟት ስለነበር ዝም ብላ ታወራለች። የእሷን ወሬ እንደማንኛውም ወሬ ጆሮዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እኔ ራሴ ከመርፌ ጋር አልስማማም። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ለሴቶች ልጆች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊሰጡ ትምህርት ቤታችን መጥተው ነበር። «ያመክናል» የሚለው ወሬ ከእነሱ ቀድሞ ደርሷል። ከሴቶቹ ግማሾቹ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ተሰለፉ፣ ግማሾቹ ወደ ሽንት ቤት ሮጡ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ብመክን አንቺ ከልጆችሽ አንዱን ትሰጪኛለሽ» ብላ እየሳቀች ተወጋች። እኔ አጥር ዘልዬ ቤቴ ገባሁ። ወሬውን አምኜው አይደለም፤ አላመንኩትም ማለትም አልችልም። ፈራሁ፣ በቃ።

ግቢያችን ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሳምንቱን ወረዳ ለወረዳ ሲዞር ይሰነብትና ዓርብ ማታ ይመለሳል። እሷ ከከተማችን ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በሲዳምኛ ነው፣ አማርኛዋ ረጋ ያለ፣ ከእኔ በስድስት በሰባት ዓመት የምትበልጥ። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ እኛ እስላም። በዒድ ከእኛ ቤት ጣፋጭ ይሄዳል፣ በገና ከእነሱ ቤት ዳቦ ይመጣል፤ በሥጋው ነገር ግን ሁላችንም ዝም እንባባላለን። ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለቻቸው። ጠዋት ጠዋት እናቷ ገበያ ስትሄድ እኔ ጋ ትተዋት ነበር፤ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ የጠመኔ ስባሪ ስትልስ ትውላለች። ወላሂ፣ ያቺን ልጅ እወዳት ነበር።

ከእሷ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። ቱላ ዘመድ ቤት እያለ ኩፍኝ ወጣበት፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበረታ መርፌ አስወጉት፤ በዚያው ዕለት ሞተ። እሷ «መርፌው ገደለብኝ» ትላለች። እሱ «በሽታው ነው» ይላል። ስለዚህ ነገር ሁለቱ እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ እሷ የምታወራው ለእናቴ ነው። የገዛ እናቷ ስለሞተችባት እናቴን እንደ እናት ይዛታለች። እናቴ ደግሞ ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ስለ ኩፍኝ ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነው።

አብረው ምስር ሲለቅሙ ሰምቻታለሁ። «ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ልጄ። ከወጋሽው ወደ ውስጥ ይገባና ልብ ላይ ያርፋል። እኔ ስድስቱንም ጨለማ ቤት አስተኝቼ፣ እንግዳ ከልክዬ ነው ያሳለፍኳቸው። አልሐምዱሊላህ፣ አንድም አልጎደለብኝ።»

«እማማ፣ እርስዎ ካሉኝ እውነት ነው» አለች ተከራያችን። «የእኔም ልጅ እንደዚያ ነው የሆነው።»

በሽታው ከወጣ በኋላ የሚወጋው መርፌና ሳይመጣ የሚከለክለው ክትባት የተለያዩ መሆናቸውን ማናችንም አላነሣንም። እኔ ባዮሎጂ ተምሬ ወድቄያለሁ፤ ግን ይህን ያህሉን አውቅ ነበር። ከእናቴ ጋር መከራከር ሰልችቶኝ ዝም አልኩ።

ዘመቻው ረቡዕ ተጀመረ። ቀበሌው ግቢ ድንኳን ተተከለ፤ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰለፉ። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት፤ አንዷ እንዲያውም ልጇ ዕድሜው አልፎ ሲመልሷት ከሠራተኞቹ ጋር ተጣልታለች። የቀረ ካለ ለማጣራት የሴቶች አንድ ለአምስት መሪያችን ደብተሯን ይዛ ግቢ ለግቢ እየዞረች የልጆችን ጣት ታያለች። ቁጡ ሴት ናት፤ ስብሰባ የቀረን ሰው ስም ስትመዘግብ እንኳ እስክሪብቶውን ወረቀቱን እስኪቀድ ትጫነዋለች። ምልክት የሌለው ልጅ ከተገኘ የእናትየው ስም ቀበሌ ይተላለፋል ተባለ።

ከሰዓት በኋላ ተከራያችን ልጇን አዝላ ሱቅ መጣች። ፊቷ ዐመድ መስሏል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ከድንኳኑ ደርሳ፣ መርፌውን አይታ፣ ተመልሳለች።

«ነገ ጠዋት መሪዋ ጣቷን ልታይ ትመጣለች» አለችኝ። «ምን ልበላት? እግሬ እምቢ አለኝ። ሁለተኛ ልጅ በእጄ አላስገድልም።»

እሷ ምንም አልለመነችኝም። ይህን አጥብቄ መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም ለዓመታት ለራሴ «ለመነችኝ» እያልኩ ስተርክ ኖሬአለሁ። ያቺ የዘመቻ ሠራተኛ የመረጠችውን ዓይነት ማርከር ከመደርደሪያው አወረድኩና «ጣቷን ስጪኝ» አልኩ። የግራ እጅ ትንሿ ጣት፣ ከጥፍሩ ጀምሮ እስከ ሥጋው። ልጅቷ የኮረኮርኳት መስሏት ሳቀች፤ ሌሎቹንም ጣቶቿን ዘረጋችልኝ። እናቷ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ባንኮኒው ላይ ተደፍታ እጄን ሳመችው።

በማግሥቱ ጠዋት የአንድ ለአምስት መሪዋ መጣች፣ ጣቷን አየች፣ ደብተሯ ላይ ምልክት አደረገች፣ «ጎበዝ እናት!» ብላ ሄደች። እሷ እንደወጣች ሁለታችን አፋችንን በሻሽ ይዘን ሳቅን። እንደዚያን ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

ያላሰብነው ባልየውን ነው። ዓርብ ማታ ከወረዳ ተመለሰ፤ ቅዳሜ በጠዋት፣ ሚስቱ ገበያ ሳለች፣ ልጁን ተሸክሞ ቀጥታ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ሱቅ ሲመጣ ፊቱ በርቷል።

«አንቺ፣ ሰምተሻል?» አለኝ። «እኔ እኮ እምቢ ትላለች ብዬ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ልጅቷን ይዤ ተሰለፍኩ፤ ተራዬ ሲደርስ ሠራተኛዋ ጣቷን አየችና ‹ይቺ ተከትባለች፣ ሁለቴ አንወጋም› ብላ መለሰችኝ። ሚስቴ ለካ ቀድማኛለች! ከዚያ ሁሉ ሐዘን በኋላ!»

«እሰይ፣ ጋሼ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ልጅቷ አንገቱ ላይ ተቀምጣ ያንን ጣቷን ታሳየኛለች። ክትባቱን ፈልጎ፣ ተሰልፎ፣ ልጁን አቅርቦ ያስመለሰው የእኔ ቀለም ነው። ግን ልጠራው አፌን አልከፈትኩም፤ እሱም እያፏጨ ሄደ።

እሑድ ይባስ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ በምስክርነት ሰዓት ተነሥቶ መድረክ ላይ ወጣ፤ ጌታ ሚስቱን ከፍርሃት እንዴት ነጻ እንዳወጣት፣ በሞተው ልጃቸው ሐዘን ተይዛ የነበረች ሴት ሌላዋን ልጇን በገዛ እጇ እንዴት እንዳስከተበች መሰከረ። ጉባኤው አጨበጨበ፣ እልል አለ። እሷን አስነሥተው ጸለዩላት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሰኞ ጠዋት ሱቁን ስከፍት በር ላይ ቆማ ጠብቃኝ ነው።

«ልነግራቸው ነው» አለችኝ። «ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው፣ ለቀሩት ልጆች። ሄጄ ‹ምልክቱ የውሸት ነው፣ ውጓት› እላቸዋለሁ። እዚያ ቆሜ ሲጸልዩልኝ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። መርፌውን አሁንም እፈራዋለሁ። ግን በእግዚአብሔር ፊት ዋሽቼ ከምኖር ልውጋት። አንቺ ብቻ አብረሽኝ ነይ።»

አስቡት፤ ያቺ ሴት፣ ያንን ሁሉ ፍርሃቷን ተሸክማ፣ በገዛ እግሯ ልትሄድ ተነሥታለች። ከእኔ የምትፈልገው መቶ ሜትር አብሬያት እንድራመድ ነው።

«አብደሻል እንዴ?» አልኳት። «የመንግሥት ሥራ አጭበርብራችኋል ብለው ሁለታችንንም ያስሩናል! ባልሽም ከሥራው ይባረራል። ቀለሙ ይለቃል፤ ሲለቅ ጤና ጣቢያ ትወስጃታለሽ።»

ስለ እስርም ስለ መባረርም የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። ከአፌ የወጣው ሁሉ ፈጠራ ነው። የፈራሁት አባቴን ነው፤ ሱቁ ስሙ ይነሣል፣ ከባንኮኒው ጀርባ ተነሥቼ ወጥ ቤት እገባለሁ ብዬ ነው። እሷ ግን እኔን የተማረች አድርጋ ነው የምታየኝ፤ ደብዳቤ ሲመጣ የማነብላት እኔ ነኝ። ዐይን ዐይኔን አየችኝና እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ያን ቀን የልጅቷን ጣት በነጭ ጋዝ፣ በሎሚ፣ በድንጋይ እስክትጮህ ድረስ ፈተግናት። ሊለቅ ግን አልቻለም። ማታ ድንኳኑ ተነቀለ።

ጣቷን መቀባቴን ልጅነት ነው እያልኩ ራሴን ላባብል እችል ይሆናል። ያቺን ሰኞ ግን በምንም አላባብላትም። ቀለሙ በሳምንቱ ለቀቀ፤ «ጤና ጣቢያ ሂጂ» ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። እሷም ወኔዋ ያንድ ቀን ነበር፣ እኔው አፍርሼዋለሁና መልሳ አላነሣችውም። ሁለታችንም ስንገናኝ ስለ ሽንኩርት መወደድ እናወራ ጀመር።

ሁለት ወር አልሞላም፣ ገበያ ዳር ኩፍኝ ገባ ተባለ። ከዚያ እኛ ግቢ። ልጅቷ መጀመሪያ ሳል ያዛት፣ ዐይኗ ቀላ፣ ከጆሮዋ ጀርባ የጀመረ ሽፍታ ፊቷን ሞላው። እናቴ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች፣ «መርፌ እንዳታስነኩ» ብላ አዘዘች። እናትየው ለባሏ ደወለች። እሱ መጥቶ አንድ ክሊኒክ ወሰዳት። እዚያ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፦ ኩፍኝ ተከትባለች ወይ? «እንዴታ! ምልክቱን በዐይኔ አይቻለሁ» ብሎ መለሰ። እንግዲያው ሌላ ዓይነት ሽፍታ ይሆናል ተብሎ ሽሮፕ ተሰጥቶት ተመለሰ። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ አልተናገረችም።

እኔ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። «ለእሷ ነው መናገሩ የሚገባው፣ ልጇ ናት» እያልኩ ዝም አልኩ። ሱቅ ውዬ ስገባ በእነሱ በር ላይ ፈጠን ብዬ አልፋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ እናቴ ውኃ አድርሺ ብላኝ ገባሁ። አባትየው ሙቀቱ አላስችል ብሎት መጋረጃውን ገፎ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶታል፤ ፀሐይ አልጋው ላይ አርፋለች። ልጅቷ ዐይኗ በዐይናር ተጣብቋል። እናቷ በሞቀ ውኃ አርጥባ ለቀቅ ስታደርግላት ገለጥ አደረገችውና፣ በደከመ ድምፅ፣ «መስኮቱን ክፈቱልኝ» አለች።

ውኃውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አልተከተበችም» አልኩ። «ጣቷ ላይ ያየኸው ቀለም የሱቅ ማርከር ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ነው የቀባት?»

«እኔ።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። «ታውቂ ነበር?»

እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ይመታታል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይስደበኝ ብዬም ተመኘሁ። እሱ ልጁን በጋቢው ጠቀለላትና ወጣ። ባጃጅ አስቆመ። ተከትዬ ሮጥኩ፤ ነይም ሂጂም አላለኝም፤ ሦስታችን ልጅቷን ይዘን ሆስፒታል ደረስን።

እዚያ የተቀበለችን ነርስ እውነቱን ስትሰማ ማንንም አላሰረችም። ካርዱ ላይ «ያልተከተበች» ብላ ጻፈች፣ ለብቻዋ ክፍል አስገቧት፣ ቫይታሚን አፏ ውስጥ ጨመቁላት፣ ዐይኗን አጠቡላት። ሥራዋን ስትጨርስ ብቻ ጠየቀችን። «ዘመቻው ላይ ሄዳችሁ ምልክቱ የውሸት ነው ብትሉ እኮ ይወጓት ነበር። ምን አስፈራችሁ?»

«ያስሩናል ብለን» አለች እናትየው።

«ማን ነው እንደዚያ ያላችሁ?»

ተከራያችን ወደ እኔ አላየችም። መሬት መሬት እያየች «ሰው» አለች።

ልጅቷ ተረፈች። የቀኝ ዐይኗ ዳነ፤ የግራው ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረ። ሁለት ቀን ቀደም ቢል ኖሮ ምናልባት ይድን ነበር አሉ። ምናልባት። ያ ሁለት ቀን የእኔ ነው፣ ለማንም አላካፍለውም። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችኝ፤ ከዚያ ወደ ራሷ ዞረች መሰለኝ፣ ብዙ ቀን ምግብ አልበላ አላት። ስለ ኩፍኝና መርፌ ያንን አባባሏን ዳግመኛ ከአፏ አልሰማሁም። የወንድሜ ሚስት ስትወልድ ሕፃኑን አዝላ ለክትባት የወሰደችው እናቴ ራሷ ናት፤ ለማንም ሳትናገር ወስዳ ለማንም ሳትናገር መለሰችው።

ባልየው ከሆስፒታል በወጡ በመጀመሪያው እሑድ ያው መድረክ ላይ ወጥቶ «የመሰከርኩት እውነት አልነበረም» አለ። የሚስቱን ስም አላነሣም፣ የእኔንም አላነሣም። «ሳላጣራ ተናገርኩ» ብሎ በራሱ ላይ አደረገው። በሁለተኛው ወር ቤቱን ለቀው ወደ ቱላ ገቡ። ሲሰናበት የእናቴን ትከሻ ሳመ፤ ለእኔ እጁን ሰጠኝ፣ ፊቴን ግን አላየም።

አራት ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት ተከራያችን የነበረችው ሴት አንድ ወንድ ሕፃን አዝላ፣ ልጅቷን በእጇ ይዛ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ልጅቷ ረዝማለች፣ ዩኒፎርም ለብሳለች።

«ዛሬ ዘጠኝ ወሩ ነው» አለችኝ ሕፃኑን እያሳየች። «የኩፍኙን ሊወጋ ነው። እኔ ስይዘው እጄ ይንቀጠቀጣል። አንቺ ያዢልኝ።»

«እኔ?» አልኩ። «እኔን ታምኚኛለሽ?»

«ሌላ ሰው ፍርሃቴን አያውቀውም» አለች። ከዚያ ልጅቷ እንዳትሰማ ጠጋ ብላ ጨመረች። «ለእሷ የእኔን ጥፋት ነግሬያታለሁ። ያንቺን ራስሽ ንገሪያት።»

ሱቁን ዘጋሁና አብሬያቸው ሄድኩ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሕፃኑን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት፤ ተወጋ፣ ጮኸ፣ እናቱ ተቀብላ ጡት ስታጎርሰው ዝም አለ። እኔና ልጅቷ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«በዚህኛው በኩል ሁኚ፤ በዚያኛው አላይሽም።»

ተነሥቼ ዞርኩና በቀኟ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ቀለሙ፣ ስለ አባቷ ሰልፍ፣ እናቷ «አብረሽኝ ነይ» ስላለችኝ ሰኞ፣ ዝም ስላልኩባቸው ሁለት ቀናት። እግሯን እያወዛወዘች ሰማችኝ። ስጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ቀለሙ አልነበረም።

«እማዬ ነይ ስትልሽ ለምን አልሄድሽም?»

ዕድሜዬ ነው፣ አባቴ ነው፣ ቀበሌው ነው የሚል ብዙ መልስ ነበረኝ። ያቺ አንድ ዐይን ፊቴን ስታየኝ ሁሉንም ተውኩት።

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

«እኔም መርፌ እፈራለሁ» አለችኝ። «ግን ሄጄ ተወግቻለሁ።»